የሥራ ማስኬጃ ምንድን ነው? የተረፈ ብር አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። ከቅጥር ወጥተው የራሳቸውን ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች ምክር የሚሰጥ አንድ ሰው «ቤቱን ጨርስ፣ ዕቃህን ግዛ፣ ከዛ እጅህ ላይ የቀረችው ብር ሥራ ማስኬጃህ ናት» ይላል። አይደለችም! እኔ ዓለም ገናና ሰበታ አካባቢ የትንንሽ ድርጅቶችን ሒሳብ ነው ምሰራው፣ ከባንክ ከማስተማር ከኤንጂኦ ለቀው የመጡ ሰዎች መዝገብ በየጊዜው እጄ ይገባል፣ እና ገበያ እያላቸው ሲዘጉ ያየኋቸው አብዛኞቹ የተያዙት በዚች ነገር ነው።

የሥራ ማስኬጃ ማለት ዛሬ ለግብዓት ካወጣኸው ብር ጀምሮ ያ ብር ከደንበኛ ተመልሶ እስኪገባልህ ባሉት ቀናት ሥራው እንዳይቆም የሚይዝልህ ገንዘብ ነው። መጠኑን ሚወስነው የቀናቱ ርዝመት ነው እንጂ ከግንባታ የተረፈህ አይደለም።

እርሾ በሉት። እናቶቻችን እርሾውን ሚያስቀምጡት ከመጋገራቸው በፊት ነው፣ ተጋግሮ ካለቀ በኋላ ዕቃ አይጠርጉም። ለቤት ቡሆ የሚበቃው ለድግስ ቡሆ አይበቃም፣ ሥራህ ሲያድግም እንደዛው፣ ያደገ ሥራ በድሮው ማስኬጃ አይሄድም። ሱሉልታ ብርድ ላይ ሊጡ ቶሎ አይቦካም፣ ገንዘቡ ቶሎ ማይመለስበት ሥራ አለ ማለት ነው። ከጎረቤት መዋስ ይቻላል፣ እቁብም ብድርም እሱ ነው፣ ግን ባቦካህ ቁጥር ጎረቤት ደጅ ከቆምክ የራስህ እርሾ የለህም።

ዶሮን እንይ፣ እዚህ ከተማው ዳር ላይ ሥራ ለቆ የሚመጣው ሰው ብዙው ወደዛ ነው ሚገባው። እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። 500 ከሆኑ በቀን ከግማሽ ኩንታል በላይ፣ በወር ወደ 17 ኩንታል። የአንድ ቀን ጫጩት አምጥተህ ከጀመርክ ደግሞ መጣል እስክትጀምር ወደ 5 ወር ነው፣ አንድ እንቁላል ሳታይ 500ዎቹ ከ30 ኩንታል በላይ ይጨርሱብሃል። መኖ ሻጩ ካሽ ይፈልጋል፣ እንቁላሉን የሚወስዱት ካፌና ሱቆች ግን «ወር ላይ» ይሉሃል፣ ወሩም 45 ቀን ይሆናል። 45 ቀን ማለት ወደ 26 ኩንታል የሚሆን የመኖ ዋጋ ሰው እጅ ላይ ቀረ ማለት ነው። ደብተርህ ላይ ትርፍ አለ፣ ነገ ጠዋት ለመኖ የምትከፍለው የለም።

ከዛ ዐቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን። ድሮ ባንክ ይሰራ የነበረ አንድ ልጅ ጋ በጾሙ መሀል ሒሳብ ልሰራ ሄጄ 30 30 የሚይዘው የእንቁላል ትሪ ከመጋዘን አልፎ ሳሎን ገብቶ በግድግዳው ልክ ተደርድሯል፣ የዱቤ ደብተሩ ሶፋው ላይ ነው፣ ዶሮዎቹ መብላትም መጣልም አላቆሙም። ፋሲካ ሲደርስ ዋጋው እንደሚመለስ እሱም ያውቃል። ግን መኖ መግዣ ስለሌለው ከዶሮዎቹ ከፊሉን በወረደ ዋጋ ሸጠ፣ ገበያው ሲመለስ ሚያቀርበው አነሰ። ይሄ ልጅ ሰነፍ አይደለም፣ ጎበዝ ነው፣ ብሩን በሙሉ የዶሮ ቤቱ ግንባታ ላይ ስላፈሰሰው ነው።

ባንክ አለ እንዳትሉኝ። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ላይ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14% በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር፣ በኋላ ከፍ ቢልም መያዣ የሌለው ጀማሪ ተራው መጨረሻ ነው። ሐምሌ 2016 ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ መኖ ውስጥ የሚገባው ከውጭ የሚመጣ ፕሪሚክስም (የቫይታሚንና የማዕድን ድብልቅ) ዋጋው አብሮ ዘለለ፣ ስለዚህ በድሮው ዋጋ የሰራችሁትን ማስኬጃ እንደገና ስሩት።

«ኃይሌስ?» የሚል አይጠፋም፣ ያ መካሪም አንስቶታል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ሩጫ ማቆሙን ያስታወቀው ግንቦት 2007 ነው፣ የሀዋሳው ሪዞርት ግን ያኔ ከተከፈተ ቆይቷል። የሩጫው ገቢ ሳይቋረጥ ነው ቢዝነሱን የተከለው። እሱን አርአያ አድርጎ ለሰው «ነገ ልቀቅ» ማለት ታሪኩን ገልብጦ ማውራት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሒሳብ ሰው ስለማይጠፋ። የቤት አስቤዛችሁ ማስኬጃ ውስጥ የለም፣ ለብቻው ይያዝ፣ ለራሳችሁም ደሞዝ ቁረጡ። የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆናችሁ ከእናንተ 7% ይቆረጥ ነበር፣ ቀጣሪው ደግሞ 11% ለጡረታ ይጨምር ነበር፣ የለቀቃችሁ ቀን ያ 11% ይቆማል፣ ወጪ ስታሰሉ አስገቡት።

የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋችሁ ገና ያላስገባችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ ብሩ ወጥቶ እስኪመለስ ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ብር። አባዙት፣ የጾሙን ጊዜ ጨምሩበት፣ ያንን ለብቻ አስቀምጡና በቀረው ብር ነው ቤት ሚሰራው። 500 ዶሮ ካልቻለ 300 ይሁን፣ ግድግዳውም ብሎኬት መሆኑ ቀርቶ ቆርቆሮና ሽቦ ይሁን፣ ዶሮዎቹ ይጥላሉ።