በኢንተርኔት ጉዳይ «የሲቪል ማኅበረሰብ ተሳትፎ» ምንድን ነው?

ከመስቀል አደባባይ ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ ስትሄዱ፣ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ አለ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ ለ17ኛ ጊዜ የተካሄደው እዚያ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ኢንተርኔት ተወራ። በእነዚያ ቀናት አብዛኛው የትግራይ ሕዝብ ኢንተርኔት ከተቋረጠበት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ይህን ጉዳይ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ማን ያንሳው? መንግሥት በራሱ ላይ አያነሳም። የቴሌኮም ኩባንያ ፈቃዱን ያስባል። የሚቀረው ሦስተኛው ወገን ነው። ሲቪል ማኅበረሰብ የምንለው እሱን ነው።

መጀመሪያ «የኢንተርኔት አስተዳደር» የሚለውን እናጥራ። ገመድ መዘርጋትና አንቴና መትከል ብቻ አይደለም። የድረ ገጽ ስም ማን ይሰጣል? ኢንተርኔት መቼ ይዘጋል፣ ማንስ ያዛል? ፌስቡክ ላይ የጻፍከው በምን ሕግ ይጠፋል? ባንክህና የስልክ ኩባንያህ የያዙት መረጃህ ለማን ይተላለፋል? እነዚህ ሁሉ የአስተዳደር ጥያቄዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ቱኒስ ላይ አገሮች ሲስማሙ፣ ይህ ሥራ የመንግሥት፣ የግሉ ዘርፍና የሲቪል ማኅበረሰብ የጋራ እንደሆነ በጽሑፍ አስፍረዋል። ሦስቱም በየድርሻቸው ማለት ነው።

እኛ ከተማ ሲቪል ማኅበረሰብ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ታፔላና መኪና ያለውን ኤንጂኦ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ዕድርና ዕቁብን አይመለከትም። ሐሳቡ ግን ከሕጉ ይሰፋል። የዓይነ ስውራን ማኅበር፣ የመምህራን ማኅበር፣ የጋዜጠኞች ስብስብ፣ ተመራማሪዎች፣ ዕድርም ጭምር እዚህ ውስጥ ናቸው። የማያስተዳድሩ፣ የማይነግዱ፣ ግን ሕጉ የሚነካቸው ሰዎች ሲደራጁ ማለት ነው።

«ተሳትፎ» የሚለው ቃል ደግሞ ተበላሽቶብናል። አንድ ጊዜ ካዛንቺስ አካባቢ በሚገኝ ሆቴል የረቂቅ ሕግ ውይይት ላይ ተቀምጬ ነበር። የጠራንን መሥሪያ ቤት ስም ልተወው። ረቂቁን የሰጡን ጠዋት በር ላይ ነው፤ አርባ ገጽ ይጠጋል። እስከ ሻይ ሰዓት ገለጻ ተደረገ። ከዚያ ለአስተያየት ሃያ ደቂቃ ተሰጠን። አንዲት ዓይነ ስውር የሕግ ባለሙያ እጇን አወጣችና «በኮምፒውተር የማዳምጠው ፋይል ላኩልኝ፤ አንብቤ በጽሑፍ እመልሳለሁ» አለች። እሺ ተባለች። ከወር በኋላ ስጠይቃት አልደረሳትም። ያ ቀን ተሳትፎ ተብሎ መመዝገቡ እስካሁን ይከነክነኛል። መገኘት ሌላ፣ መሳተፍ ሌላ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አንድ ቁጥር ላሳያችሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱን ያከብደዋል። 5,000 ለምን? ፒያሳ ቁጭ ብላ በቴሌግራም ጫማ የምትሸጥ ልጅ 5,000 ተከታይ በቀላሉ ታገኛለች። ስለዚህ ሕጉ እሷንም እንደ ትልቅ ሚዲያ ሊያያት ይችላል። ረቂቁ ጠረጴዛ ላይ ሳለ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ከወጣ በኋላ መጠየቅ ከረፈደ ነው።

ጥሩውንም ላንሳ። እኔን ደስ የሚለኝ የፊደላችን ታሪክ ነው። የድረ ገጽ ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን የሚባል ድርጅት ነው፤ መቀመጫው ካሊፎርኒያ። ስሞቹ ለረጅም ጊዜ በላቲን ፊደል ብቻ ነበሩ። ሌሎች ፊደሎች እንዲገቡ ሲወሰን ለእያንዳንዳቸው ደንብ ማውጣት ግድ ሆነ። የእኛ ደግሞ ቀላል አይደለም። «ሰላም» እና «ሠላም» ለአማርኛ አንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። አንዱ በ«ሰ» ሱቅ ከፍቶ፣ ሌላው በ«ሠ» አስመስሎ ደንበኞቹን ቢያጭበረብርስ? እንግዲያው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሁሉ እንደ አንድ እንቁጠር እንዳንል፣ ለትግርኛ ተናጋሪ «ሀ» እና «ሐ» ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ይህን ካሊፎርኒያ ያለ መሐንዲስ ከየት ያውቀዋል? ፊደሉን የሚያውቁ የቋንቋና የኮምፒውተር ሰዎች በፈቃደኝነት ቡድን ሆነው ደንቡን አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2017 የግዕዝ ፊደል በአይካን ደንብ ውስጥ ገባ። ተሳትፎ ማለት ይህ ነው። የሚያውቀው ሰው፣ ውሳኔው ሳይወሰን፣ ብዕር ይዞ።

ታዲያ እንዲህ ዓይነት ሥራ ለምን በዛ ብሎ አናይም? አንዱ ምክንያት ገና ቅርብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ከልክሎ ነበር። ብዙዎቹ ተዘጉ ወይም ወደ ልማት ሥራ ዞሩ። ሕጉ የተቀየረው በ2011 ዓ.ም. ነው። እነዚያ አሥር ዓመታት ደግሞ ስማርት ስልክ የተስፋፋባቸው፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ የወጣባቸው፣ ኢንተርኔት በፈተናና በተቃውሞ ሰበብ መዘጋት የተለመደባቸው ዓመታት ናቸው። ሰውና ዕውቀት መገንባት ሲገባን አልገነባንም። ዛሬ ስለ አልጎሪዝም (ማኅበራዊ ሚዲያ ምን እንደሚያሳየን የሚወስነው ስሌት) ወይም ስለ ስፔክትረም (የሬዲዮ ሞገድ) ክፍያ ቁጥር ጠቅሶ የሚከራከር ማኅበር የሚያንሰው ለዚህ ይመስለኛል። እዚህ ላይ ብር ይዞ ሥልጠና ማብዛት ብቻውን አይበቃም። ሁለትና ሦስት ሰው አንድን ጉዳይ ለዓመታት ይዞ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው የሚያስፈልገው።

አሁን የተከፈተ በርም አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183፣ አንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ሲያረቅ ረቂቁን ይፋ አድርጎ የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበል ያስገድዳል። አዋጅ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው። ኑሯችንን የሚነካው ዝርዝር ግን ብዙ ጊዜ መመሪያ ውስጥ ነው ያለው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም እንዲሁ ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ መመሪያ ባረቀቀ ቁጥር አስተያየት መቀበል አለበት።

የሰፈራችን የዕድር ጸሐፊ የአባላቱን ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ዝርዝርና ማን መቼ እንደሞተ ጭምር ስልኩ ላይ ይዟል። ይህን አዋጅ ስነግረው «እኔንም ይመለከተኛል እንዴ?» አለኝ። ጥያቄውን በሁለት መስመር ጽፈን የዕድሩን ማኅተም መታንበት። ረቂቅ መመሪያ ሲወጣ እናስገባዋለን።