ባዮስቲሙላንት፦ የአትክልት ሰብሎች ድርቅን፣ ሙቀትንና ጨውን እንዲቋቋሙ የሚያግዙ ተፈጥሯዊ ግብዓቶች

ባዮስቲሙላንት በያዘው የንጥረ ምግብ መጠን ሳይሆን የተክሉን የራሱን ሥነ ሕይወታዊ ሂደት በማነቃቃት የሚሠራ ግብዓት ነው። ለዘር፣ ለአፈር ወይም ለቅጠል በአነስተኛ መጠን ይሰጣል፤ ተክሉን እንደ ማዳበሪያ አይመግብም፣ ተባይንም እንደ መድኃኒት አይገድልም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 አውጥቶ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የማዳበሪያ ደንብ መሠረት በዚህ ስም የሚሸጥ ምርት ተክሉ ንጥረ ምግብን በአግባቡ እንዲጠቀም፣ ሕይወት አልባ ጫናዎችን እንዲቋቋም ወይም የምርቱ ጥራት እንዲሻሻል የሚያግዝ መሆን አለበት። ሕይወት አልባ የሚባሉት ድርቅ፣ ሙቀት፣ ውርጭና የአፈር ጨዋማነት ናቸው፤ ዋግና ትል እዚህ ውስጥ አይገቡም። ለስሙ መነሻ ከሆኑት ሐሳቦች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ያቀረበው፣ ለብዙዎች እንግዳ ቢመስልም፣ የግብርና ባለሙያ ሳይሆን የኦዴሳው የዓይን ሐኪም ቭላድሚር ፊላቶቭ ነበር።

አትክልት ከብዙ የእህል ሰብሎች ይልቅ ለጫና የተጋለጠ ነው፤ ሥሩ ብዙ ጊዜ ጥልቀት የለውም፣ ገበያ የሚፈልገውም ክፍል ውሃ የሞላበት ነው። የቀኑ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲዘልቅ የቲማቲም የአበባ ብናኝ ይዳከምና አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ጨውን በተመለከተም ቲማቲም የአፈሩ የጨው ልኬት በሜትር 2.5 ዴሲሲመንስ (ጨዋማነት በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካበት አሃድ) እስኪደርስ ምርቱ ሳይቀንስ ሊቆይ ሲችል፣ ሽንኩርት ከ1.2 ጀምሮ ይጎዳል። ውሃ ያጠረው ተክል የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ በዚህም ውሃ ቢቆጥብም ምግብ ለማዘጋጀት የሚያስፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስበት፣ ሥራ ያጣው የፀሐይ ኃይል ሕዋሳቱን የሚጎዱ የኦክስጅን ዓይነቶች እንዲፈጠሩ ያደርጋል። ተክሉ ፕሮሊንና ቤታይን የተባሉ ውህዶችን በማከማቸትና ጎጂዎቹን የሚያመክኑ ኢንዛይሞችን በማምረት ራሱን ይከላከላል። የባዮስቲሙላንት ዋና ጥቅም ይህን መከላከያ ቀደም ብሎ ማንቃቱ ነው።

በስፋት ከተጠኑት መካከል ግንባር ቀደሙ አስኮፊለም ኖዶሰም ከተባለው ቡናማ የባሕር አልጌ የሚወጣው ጭማቂ ነው። አልጌው በአየርላንድ፣ በኖርዌይና በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ቀዝቃዛ ዳርቻዎች ይበቅላል፤ ባሕሩ ሲሸሽ በፀሐይና በነፋስ እየደረቀ፣ ሲመለስ ደግሞ በጨው ውሃ እየተዋጠ ስለሚኖር፣ ለሰብል የሚተርፉትን መከላከያ ውህዶች ቢያካብት አያስገርምም። የባሕር ዳር ገበሬዎች አልጌውን እንዳለ እየጫኑ ማሳ ላይ ሲበትኑት ዘመናት አልፈዋል፤ በፈሳሽ መልክ ገበያ ላይ የዋለው ግን ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። ውጤቱ መጀመሪያ በውስጡ ላሉት የዕድገት ሆርሞኖች ብቻ ይሰጥ ነበር፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ጭማቂው ተክሉ የራሱን ጫና ተከላካይ ጂኖች እንዲያነቃ እንደሚያደርግ አሳይተዋል።

ከአፈርና ከከሰል መሰል ማዕድን የሚወጣው ሁሚክ አሲድ የሥር ቅርንጫፎችን ያበዛል፤ ከጥራጥሬ ወይም ከእንስሳት ተረፈ ምርት የሚገኙ፣ ወደ ትናንሽ ክፍሎች የተሰባበሩ ፕሮቲኖችም የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች ለተክሉ ያቀርባሉ። ከሥር ጋር ተጣምሮ የሚኖረው ማይኮራይዛ የተባለው ፈንገስ ደግሞ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል። ፀጉረ ሥር የሌለው ማለት ይቻላል የሚባለው ሽንኩርት ከዚህ ጥምረት እጅግ ይጠቀማል፤ ጥቅል ጎመን፣ ቀይ ሥርና ቆስጣ ግን ከፈንገሱ ጋር ስለማይጣመሩ ለእነርሱ መግዛቱ ገንዘብ ማባከን ነው። የፎስፈረስ ማዳበሪያ በብዛት በተጨመረበት መደብም ጥምረቱ ይዳከማል።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ቅርብ የሆነው የሞሪንጋ ቅጠል ጭማቂ ነው። ዚያቲን የተባለ የቅጠልን እርጅና የሚያዘገይ ሆርሞን አለው፤ ለጋው ቅጠል ተፈጭቶና ተጨምቆ በ30 እጥፍ ገደማ ውሃ ከተበረዘ በኋላ ይረጫል። ጨው ባለበት አፈር በበቀለ ፎሶሊያ ላይ ተሞክሮ ጥሩ ውጤት አስገኝቷል። አብዛኛው ምርምር የተካሄደው ግን መነሻው ሰሜን ሕንድ በሆነው የሞሪንጋ ዝርያ ላይ ሲሆን፣ በኮንሶና በጋሞ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላው ሽፈራው ወይም ሀለኮ የቅርብ ዘመዱ እንጂ ራሱ አይደለም። ስለዚህ በአንዱ የተገኘን መጠን በሌላው ላይ ሳይሞክሩ መጠቀም አያስተማምንም።

ጊዜው ከምርቱ ዓይነት ባልተናነሰ ወሳኝ ነው። ችግኝ ከመዛወሩ ጥቂት ቀናት በፊት ወይም ሙቀቱ ከመበርታቱ አስቀድሞ የተሰጠ ርጭት፣ ቅጠሉ ከጠወለገ በኋላ ከሚሰጠው የበለጠ ይሠራል። መጠኑ ሲበዛ ግን ዕድገትን ሊገታ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና 180 የመስክ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና አማካይ የምርት ጭማሪውን ወደ 18 በመቶ አድርሶታል፤ ጭማሪው ጎልቶ የታየውም በአትክልት ላይ፣ በደረቅ አየር ንብረትና በተጎዳ አፈር ነበር። አኃዙ ሲነበብ ግን ያልተሳካ ሙከራ የመታተም ዕድሉ ጠባብ መሆኑን ማሰብ ይገባል። በዚህም ምክንያት አንድ አምራች በራሱ ማሳ ላይ ያለውን ውጤት የሚያውቀው ጥቂት መስመሮችን ሳይረጭ ትቶ፣ በለቀማ ጊዜ የሁለቱንም ምርት ለየብቻ ሲመዝን ነው።