ሰባ ሰባት ቀን የለውም? ስለ ወሎ የረሃብ መታሰቢያ የሚነገሩ ስሕተቶች

ጥቅምት 13 በደረሰ ቁጥር ከአዲስ አበባ የሚደውልልኝ አንድ ወዳጅ አለኝ። ከኮረም የተቀረጸው የረሃብተኞች ምስል በ1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን ያስደነገጠው በዚያ ዕለት ነበር። «እናንተ ዘንድ፣ ወሎ፣ ዛሬ ምን ይደረጋል?» ይለኛል። ምንም እንደማይደረግ ስነግረው ዝም ይላል። ዝምታው «ረስታችኋል» ማለት እንደሆነ ይገባኛል። እንደ እርሱ የሚያስቡ ብዙዎች ስላሉ መልሴን በጽሑፍ ላድርገው።

«ቀን ያልተቆረጠለት መከራ ተረስቷል»

የካቲት 12 ቀን አለው። በ1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ ለሦስት ቀን የወረደው እልቂት መጀመሪያው ይታወቃል፣ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ቆሟል፣ በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጥለታል። ረሃብ ግን እንዲህ አይመጣም። መጀመሪያ በልጉ ይቀራል። ቀጥሎ ክረምቱ ያታልላል። ከዚያ በሬው በማይረባ ዋጋ ይሸጣል፣ የቤቱ በር ይዘጋል፣ መንገድ ይጀመራል። ከዚህ ሁሉ የትኛው ቀን ይቆረጥ? ስለዚህ በእኛ አገር ዓመቱ ራሱ ቀን ሆነ። «ሰባ ሰባት» ሲባል ምን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። የሰው ዕድሜ እንኳ «ከሰባ ሰባት በፊት»፣ «ከሰባ ሰባት ወዲህ» እየተባለ ይቆጠራል።

በየቤቱ ደግሞ ቀን አለ። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ያጡት በዚያ ዓመት ኅዳር ወር፣ ወደ ባቲ መጠለያ ሲወርዱ ነው። ማን በየትኛው ቀን እንዳረፈ አያውቁም፤ በዚያ ጉዞ ቀን የሚቆጥር ሰው አልነበረም። ስለዚህ ኅዳር 12ን፣ የሚካኤልን ዕለት፣ ለሦስቱም አደረጉት። በዋዜማው ስንዴውን በሰፌድ ላይ ዘርግተው ጠጠሩን ይለቅማሉ። ጣታቸው እንደ ዱሮው አያይም፣ ግን ማንንም አያስነኩም። ሲነጋ ድስቱ ሲፈላ ሦስት እፍኝ ለይተው ይጨምራሉ፤ በእያንዳንዱ እፍኝ አንድ ስም ይጠራሉ። የቀረው ስንዴና ሽምብራ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ፣ «እትየ፣ ቀኑን አለማወቅዎ አይቆጭዎትም?» ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ። «ቀኑንማ እግዜር ያውቀዋል። እኔ የያዝኩት ስማቸውን ነው» አሉኝ።

«ተርቦ ለሞተ ሰው መደገስ ብክነት ነው»

ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የተማሩ ልጆቻችን ናቸው፤ ክፋት ኖሯቸው አይደለም። ለተዝካር ተበድሮ የተቸገረ ገበሬ እኔም አውቃለሁ፤ ልክ የሌለው ድግስ ቤት እንደሚያፈርስ አልክድም። ነገር ግን ያን ዓመት የሞቱት ያጡትን ማሰብ ያስፈልጋል። በወጉ ለሞተ ሰው ሣልስት አለው፣ ሰባት አለው፣ አርባ አለው፣ ሙት ዓመት አለው። በመንገድ ዳር የወደቀው ግን ፍትሐት የሚያደርስለት ቄስ ቀርቶ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው አላገኘም። ዘመዱ ከዚያ መከራ ሲወጣ ዕዳ ይዞ ነው የወጣው። ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ያስፈታ፣ ዳቦ ጋግሮ ጠላ ጠምቆ ነዳያንን ያበላ ሰው ያልከፈለውን ዕዳ እየከፈለ ነው። በልቶ የሚሄደውም ድኻው ነው። እህል አጥቶ ለሞተ ሰው እህል ለሌላው በስሙ ማብላት ብክነት ከተባለ፣ የትኛው መታሰቢያ እንደማይባክን ቢነገረኝ ደስ ይለኛል። የአበባው ጉንጉን በማግስቱ ይጠወልጋል።

«ክርስቲያኑ ለብቻው፣ ሙስሊሙ ለብቻው ነው የሚያስበው»

ወሎን በሩቁ የሚያውቅ ሰው ግምት ነው። ቅሬያችን፣ ማለትም የመቀባበሪያ ዕድራችን፣ የሚቀብረውን ሰው በሃይማኖት አይለይም። ተዝካር ሲኖር ለሙስሊሙ ጎረቤት የሚታረደው በሙስሊም እጅ ለብቻው ይታረዳል፣ ንፍሮውና ቡናው ግን የጋራ ነው። ሙስሊሙ ቤት ሰደቃ ሲወጣ፣ ለጋራ ጸሎት ወዳጃ ሲቀመጡ፣ ክርስቲያኑም ጥግ ይዞ ከአሚን ባዮቹ ጋር አሚን ይላል። በአንድ ቤተ ዘመድ ሁለቱም ሃይማኖት ባለበት አገር ሌላ መንገድ ከየት ይመጣል?

ሆኖም አንድ ነገር በትክክል መነገር አለበት። ከሙስሊም ወገኖቻችን በየዓመቱ የታወቀ ቀን ጠብቆ ለሙት ማሰብን የማይቀበሉ አሉ፤ የሃይማኖት ምክንያት አላቸው። እነርሱ ቀን ሳይቆርጡ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ለድኻ ይሰጣሉ። ቀን ስላልቆረጡ ረስተዋል ማለት በደል ነው።

«የገደላቸው ድርቅ ነው»

ዝናብ መቅረቱ እውነት ነው። ዝናብ ግን ብቻውን ያን ሁሉ ሰው አይፈጅም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሰው ሲያልቅ በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል አልጎደለም ነበር። የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርቲያ ሴን የደሴን ገበያ መርምረው የእህሉ ዋጋ እምብዛም እንዳልናረ፣ እንዲያውም ከወሎ የሚወጣ እህል እንደነበረ አሳይተዋል። የጠፋው የገበሬው መግዣ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ደግሞ ነገሩን ሸሸገው።

በሰባ ሰባትም የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን አደጋውን በ1976 ዓ.ም. ለለጋሾች አሳውቆ ነበር። የሰማው ጥቂት ነው። በሰሜን ጦርነት ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ወጪ ተከበረ፣ የትግላችን ሐውልትም በአዲስ አበባ ተመረቀ። በዚያው መስከረም የወሎ ሰው ልጁን አዝሎ በመንገድ ላይ ነበር። ሽማግሌዎቻችን «ድርቁ» ሲባል የማይወዱት ለዚህ ነው። «ረሃቡ» በሉ ይላሉ። ድርቅ የሰማይ ነው፣ ረሃብ ግን ሰውም እጁ አለበት።

«ወሎየ ስለዚያ ዘመን ማውራት ያፍራል»

ያፈሩ ነበሩ፤ የአገራቸው ስም መስደቢያ ሆኖባቸው። አሁን ግን ጠያቂ አጥተው ነው ዝም የሚሉት። ማስታወሻ ደብተር ይዞ የመጣ እንግዳ አንድ ሰዓት ቢቀመጥ ምንም አይሰማም። አቦሉንና ቶናውን ጠጥቶ እስከ በረካ የቆየ ሰው ግን ይሰማል።

«ያለፈ ታሪክ ነው»

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ከሰባ ሰባት ጀምሮ በነበረው ሰፈራ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል፤ የሚበዛውም ከወሎ የተነሣ ነበር። ወንድምና እኅት በዚያ ተለያየ። ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ሰው በሕይወት የተገኘበት ቤት አለ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከወለጋ የተፈናቀሉት ሰፋሪዎችና ልጆቻቸው ተመልሰው በሐይቅ አካባቢ ባሉ መጠለያዎች አርፈዋል።

ከእነርሱ አንዷን ሴት አግኝቻለሁ። ልጅ ሳለች በአንቶኖቭ አውሮፕላን ተጭና ሄዳለች፤ አባቷ ግን ጉዞው ሳይደርስ በመጠለያ ሞቶ ቀርቷል። ስትመለስ መቃብሩን ጠየቀች፣ የሚያሳያት አላገኘችም። አንድ ሽማግሌ የአባቷን ስምና የትውልድ ቀበሌውን ጠይቀው አወቁት፤ በልጅነታቸው አብረው ከብት ጠብቀዋል። ባለፈው ኅዳር የጎረቤቴ ድስት ሲፈላ ያች ሴት አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። እትየ ሦስቱን እፍኝ ጨመሩ። ከዚያ ስንዴውን ወደ እርሷ ገፋ አድርገው፣ «የአንቺንም ጥሪው» አሏት።