ጋጠወጥ ለመባል ጋጥ ያስፈልጋል

ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ «መልሴን ስጠኝ» አለች። ረዳቱ ዝም። ደገመችለት። «ምን ዓይነቷ ጋጠወጥ ናት!» አላት። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት ሳቅ ብሎ «ወጥ ስትግጥ ያደገች ማለት ነው?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው።

የሚበላው ወጥ አይደለም። ሕገወጥ ከሕግ የወጣ እንደሆነ ሁሉ ጋጠወጥም ከጋጥ የወጣ ነው። ጋጥ ደግሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የለም።

መንዝ አያቴ ቤት ግን ነበረ። ብርዱ አጥንት ድረስ ስለሚገባ ከብቶቹ ከእኛው ጋር ቤት ውስጥ ያድራሉ። ከምድጃው ወዲህ እኛ፣ ከእንጨት ርብራቡ ወዲያ እነሱ። ያ ክልል ጋጥ ነው። ላሟ የራሷ አላት፣ ጥጃው የራሱ። ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቀዋል፤ ሲያመሰኩ እየሰማሁ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ። (ሽታውን እንለፈው።)

ጥጃው ለብቻው የሚታሰረው በክፋት አይደለም። ከእናቱ ጋር ካደረ ጠዋት የሚታለብ ወተት የለም። አንድ ማታ ገመዱን ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ አያቴ ማለቢያዋን ይዛ ብትሄድ፣ ጥጃው እናቱ ሥር ቆሟል፤ የአፉ ዙሪያ ነጭ አረፋ። «አንተ ጋጠወጥ!» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ለእኔ የተባለውን አልጽፈውም።

እናም ቃሉ መጀመሪያ የወጣው ለጥጃ ነው ባይ ነኝ። ማስረጃህ ምንድነው ካላችሁኝ ያ አረፋ ነው። ጋጥ ራሱም «ጋጠ» ከሚለው፣ ከግጦሽ ወገን ይመስለኛል፤ ከብቱ ታስሮ ድርቆሹን የሚግጥበት ቦታ። ያ ወጣት እንግዲህ ግማሹን አግኝቶታል።

ስድ ሌላ ነው። ስድን መጀመሪያውኑ ያሰረው የለም። ጋጠወጥ ግን ቦታ ተሰጥቶት፣ ቦታውን እያወቀ፣ ጥሶ ወጥቶ የሌላውን ድርሻ የጠባ ነው። ዛሬ ያናደደንን ሁሉ ጋጠወጥ እንላለን። ስኳር የደበቀውም «ጋጠወጥ ነጋዴ» ይባላል፣ ሕገወጥ ለማለት። ሰውየው እኮ ሲያናግሩት ማር ሊሆን ይችላል።

ልጅቷ ሜክሲኮ ወረደች። አሥር ብሯ ረዳቱ ጣቶች መሃል ታጥፋ እንዳለች ነበረች።