ጂንን ዝም የሚያሰኙ ትናንሽ አርኤንኤዎች

የአርኤንኤ ጣልቃ ገብነት ሕዋሳት የአንድን ጂን ሥራ የሚያስቆሙበት ጥንታዊ ስልት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዲኤንኤ ላይ ያለው ትእዛዝ አይነካም፤ የሚደመሰሰው ትእዛዙን ወደ ፕሮቲን ማምረቻው የሚያደርሰው መልእክተኛ አርኤንኤ ነው። ዕፅዋት፣ ትሎች፣ ነፍሳትና የሰው ልጅ ይህን ስልት ይጋሩታል። የዳቦ እርሾ ግን በዝግመተ ለውጥ ጉዞው ጥሎታል፤ ያለ እሱም ኑሮው አልጎደለበትም።

ግኝቱ የመጣው ካልተሳኩ ሙከራዎች ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት የፔቱኒያን አበባ ሐምራዊ ቀለም ለማድመቅ ታስቦ የተሠራ ነበር። ተመራማሪዎቹ ቀለሙን ለመሥራት የሚያገለግለውን ጂን ተጨማሪ ቅጂ አስገቡ። ከአበቦቹ ብዙዎቹ ነጭ፣ አንዳንዶቹም ዝንጉርጉር ሆነው ፈኩ። የገባው ጂን ብቻ ሳይሆን የተክሉ የራሱ ጂንም ዝም ብሎ ነበር። በ1995 ደግሞ ትል ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለማነጻጸሪያ ብቻ የወጉት፣ ምንም ሊያደርግ የማይገባው የአርኤንኤ ክር ከዋናው እኩል ጂኑን ሲያጠፋ አዩ።

እንቆቅልሹን በ1998 የፈቱት አንድሩ ፋየርና ክሬግ ሜሎ ናቸው። የተጠቀሙት ሲ ኤለጋንስ በተባለ፣ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ ትል ነው። የአንድን የጡንቻ ጂን አርኤንኤ በነጠላ ክር ሲወጉ ለውጡ እምብዛም ነበር። ሁለቱን ክሮች አጣምረው ሲወጉ ግን የትሉ ልጆች ያንን ጂን ሳይዙ እንደተወለዱ ትሎች ተንዘፈዘፉ። ለአንድ ሕዋስ የደረሱት ጥቂት ሞለኪውሎች ብቻ መሆናቸው የበለጠ አስገራሚ ነበር፤ ያን ሁሉ መልእክት አንድ በአንድ ተጣብቀው ሊያግዱት አይችሉም። ከበስተጀርባው ራሱን የሚደጋግም አሠራር አለ ማለት ነው። ሁለቱ ሰዎች በ2006 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሠራሩ በሚቀጥሉት ዓመታት ተገለጠ። ዳይሰር የተባለ ኢንዛይም ድርቡን አርኤንኤ ሃያ አንድ ኑክሊዮታይድ (የአርኤንኤ ክር የሚገነባባቸው ነጠላ አሃዶች) አካባቢ ርዝመት ወዳላቸው ቁርጥራጮች ይከትፈዋል። አርጎናውት የተባለው ፕሮቲን ከቁርጥራጩ አንዱን ክር ይይዛል፣ ሌላውን ይጥላል። በያዘው ክር እየተመራ ተዛማጁን መልእክተኛ ፈልጎ ይቆርጠዋል፤ ቆርጦም ሳይሞት ወደ ቀጣዩ ያልፋል። ብዙ ቫይረሶች ሲባዙ ድርብ አርኤንኤ ስለሚፈጥሩ፣ ፀረ እንግዳ አካል ለሌላቸው ዕፅዋት ይህ ዋነኛ መከላከያ ነው። ቫይረሶቹም አልተኙም፤ ብዙዎቹ ይህን መከላከያ የሚያሰናክል ፕሮቲን ይዘው ይመጣሉ።

በሰው ሕዋስ ውስጥ ረጅም ድርብ አርኤንኤ የቫይረስ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ሕዋሱን እስከ ሞት ያደርሰዋል። ስለዚህ ስልቱ ለሕክምና ይጠቅማል ብሎ ተስፋ ማድረግ የተቻለው በ2001 የቶማስ ቱሽል ቡድን አጭሩ ቁርጥራጭ ማንቂያውን ሳይቀሰቅስ ጂን እንደሚያጠፋ ካሳየ በኋላ ነው።

ሕዋሱ ራሱ ከገዛ ጂኖቹ የሚሠራቸው ማይክሮ አርኤንኤዎችም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። የመጀመሪያውን በ1993 ያሳወቁት የ2024 የኖቤል ተሸላሚዎቹ ቪክቶር አምብሮስና ጋሪ ሩቭኩን ናቸው። ለሰባት ዓመታት ያህል ጉዳዩ የትል ብቻ ተደርጎ ነበር የታየው፤ በ2000 ሁለተኛው ማይክሮ አርኤንኤ በሰውም ሲገኝ ያ ግምት ፈረሰ። ከዒላማቸው ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥሙ አንዱ ብዙ ጂኖችን ይቆጣጠራል።

ከበሽታ ጋር ያላቸው ግንኙነት አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር በክሮሞሶም አሥራ ሦስት ላይ ያሉ ሁለት ማይክሮ አርኤንኤዎች ብዙ ጊዜ ጠፍተው ይገኛሉ። የዳይሰር ጂን ጉድለት በሕፃናት ሳንባ ላይ ብርቅ ዕጢ ያስከትላል። የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል፤ ከጉበት ማይክሮ አርኤንኤዎች አንዱን ለመራቢያው ይጠቀምበታል።

መድኃኒት የመሥራቱ ጣጣ ጂኑን መምረጥ ሳይሆን ቁርጥራጩን ማድረስ ነበር። እርቃኑን የገባ አርኤንኤ በደም ውስጥ ይሰባበራል፣ በኩላሊትም ይወጣል። ለዓይን ሕመም የተሞከሩት ቀደምት መድኃኒቶች አሳዩት የተባለው ውጤትም በ2008 ጥያቄ ላይ ወደቀ፤ ምንም ጂን የማያጠፉ ቁርጥራጮችም በእንስሳት ዓይን ላይ ያንኑ ውጤት ማሳየታቸው ታወቀ። ባለሀብቶች ሸሹ።

በዚህ ስልት የሚሠራው ፓቲሲራን የተባለ መድኃኒት በአሜሪካ የጸደቀው በ2018 ነው፤ ከትሉ ሙከራ ሃያ ዓመት በኋላ። በዘር የሚተላለፍና ነርቭን የሚጎዳ በሽታን ያክማል፤ የሚሸከመውም የስብ ቅንጣት ነው። ቀጥሎ የመጣው መላ ይበልጥ ብልህ ይመስለኛል፦ የጉበት ሕዋስ ለይቶ የሚቀበለውን ስኳር ከአርኤንኤው ጋር ማያያዝ። ኢንክሊሲራን የተባለው መድኃኒት ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው፤ ከመነሻዎቹ ሁለት መርፌዎች በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ይሰጣል፤ ጎጂውን ኮሌስትሮልም በግማሽ ያህል ያወርዳል።

እስካሁን የጸደቁት በጉበት ላይ የሚሠሩ መሆናቸው አጋጣሚ አይደለም፤ መንገዱ የተከፈተው ወደዚያ ነው። ለአንጎል በሽታዎች በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ የሚወጉ፣ ለጡንቻም ከፀረ እንግዳ አካል ጋር የተያያዙ አርኤንኤዎች በሰው ላይ እየተሞከሩ ነው።