ክላውድ ምንድን ነው? ኔትወርክንስ ይተካል?

ዳታ ክላውድ ላይ ከገባ የኔትወርክ ጉዳይ አያሳስብም የሚል አነጋገር በስብሰባ፣ በጨረታ ሰነድና በማኅበራዊ ገጾች ላይ ደጋግሞ ይሰማል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያሉ ፋብሪካዎች የማሽኖቻቸውን ዳታ በሙሉ በቀጥታ ወደ ክላውድ ቢልኩ ኖሮ መስመር በተቋረጠ ቁጥር መረጃ አይጠፋባቸውም፣ ሥራቸውም አይስተጓጎልም ነበር ሲል ጽፏል፤ ብዙ አንባቢም ተስማምቶበታል። አባባሉ ነገሩን ከሥሩ የሚገለብጥና በእርሱ ተመርቶ ገንዘብ የሚያወጣን ሰው ለኪሳራ የሚዳርግ በመሆኑ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

ክላውድ ማለት በመረጃ ማዕከል ውስጥ ያለን የማስላትና የማከማቸት አቅም በተፈለገ ጊዜና በተፈለገው መጠን በኔትወርክ በኩል ወስዶ መጠቀም፣ ለተጠቀሙበትም በልኬት መክፈል ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የስታንዳርድና ቴክኖሎጂ ተቋም በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትርጓሜ ላይ ለክላውድ አምስት መሠረታዊ ባሕርያትን የዘረዘረ ሲሆን ከአምስቱ አንዱ አገልግሎቱ በኔትወርክ የሚደረስበት መሆኑ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲቋረጥ ክላውዱ ራሱ ለእኛ የለም። አስተያየት ሰጪው መድኃኒት ብሎ ያቀረበው ነገር ከሌላው አሠራር ሁሉ ይልቅ በመስመሩ ላይ የሚደገፍ ነው።

የሰሜን ሸዋ ገበሬ ይህን በራሱ ሥራ ያውቀዋል። ገብሱን አውድማ ላይ አበራይቶ፣ በመንሽ አዝርቶ፣ ገለባውን ከእህሉ ከለየ በኋላ ነው ወደ ወፍጮ ቤት የሚጭነው። ወፍጮ ቤቱ ክላውዱ ነው፤ ገበሬው ያልገዛው፣ በየቤቱም ሊያቆመው የማይችለው፣ ባስፈጨው መጠን ብቻ የሚከፍልበት ትልቅ አቅም ነው። መንገዱና አህዮቹ ኔትወርኩ ናቸው። አውድማው ደግሞ ፋብሪካው ውስጥ ከሴንሰሮቹ (ሙቀትን፣ ንዝረትንና የመሳሰለውን ከሚለኩት መሣሪያዎች) አጠገብ የሚቀመጠው ጌትዌይ የምንለው ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ወንዝ ሞልቶ መንገድ ሲዘጋ እህሉ የሚተርፈው በወፍጮ ቤቱ ትልቅነት ሳይሆን ቤት ውስጥ ባለው ጎተራ ነው። ያልተበራየ ነዶ በአህያ ጭኖ ወፍጮ ቤት የሚሄድ ገበሬ አይቼ አላውቅም፤ ሴንሰር የለካውን ሁሉ ሳይለይ ወደ ክላውድ እንዲልክ የሚያደርግ ተቋም ግን በየጊዜው አያለሁ። ምሳሌው የሚከዳን በክፍያው ላይ ነው። ወፍጮ ቤት እህሉን ሲያስገቡ ይከፈላል፤ በትልልቆቹ የክላውድ አቅራቢዎች ዘንድ ግን ዳታ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ሆኖ ማስቀመጥና መልሶ ማውጣት ያስከፍላል። ይህን ሳያሰላ ውል የሚፈርም ድርጅት ዱቄቱን ወደ ቤቱ ሊመልስ በፈለገ ቀን ያልጠበቀው ሒሳብ ይመጣበታል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። አንድ የሙቀት ሴንሰር በየደቂቃው 20 ባይት ቢልክ በቀን 28,800 ባይት ይሆናል፤ መቶ ሴንሰሮች ቢሆኑ እንኳ በቀን ሦስት ሜጋባይት አይሞላም። በሌላ በኩል የአንድ ሞተር ንዝረት መለኪያ በሰከንድ 10,000 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ባይት ቢመዘግብ በቀን 1.7 ጊጋባይት ያህል ያመርታል። አንድ ካሜራ በሰከንድ ሁለት ሜጋቢት ቢልክ (ስምንት ቢት አንድ ባይት ነው) በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው፤ ሃያ ካሜራዎች ደግሞ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ በሰከንድ 40 ሜጋቢት ወደ ውጭ የሚልክ መስመር ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው የኢንተርኔት ጥቅሉን የሚመዝነው በማውረጃ ፍጥነቱ ነው፤ የሚልኩ መሣሪያዎች የሚመኩት ግን በመላኪያው ላይ ሲሆን ይህ በብዙ ጥቅሎች ውስጥ ከማውረጃው በጣም ያነሰ ነው። ከንዝረቱ ዳታ ጥገና ክፍሉ የሚያስፈልገው የንዝረቱ መጠንና የዋና ዋና ድግግሞሾቹ ማጠቃለያ ነው። ጌትዌዩ ይህን እዚያው አስልቶ በየአሥር ደቂቃው 500 ባይት ቢልክ በቀን 72 ኪሎባይት ብቻ ይሆናል፤ ጥሬው ዳታ ለጥቂት ቀናት እዚያው ቆይቶ ሞተሩ ያልተለመደ ጠባይ ሲያሳይ ብቻ ይላካል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። 20 ባይት ስል መጠቅለያውን አልቆጠርኩም። የኢንተርኔት መገናኛ ደንቦች የሆኑት የአይፒና የቲሲፒ ራስጌዎች፣ ማለትም ከይዘቱ ፊት የሚቀመጡት የአድራሻና የመቆጣጠሪያ መረጃዎች፣ ብቻቸውን ቢያንስ 40 ባይት ስለሚይዙ መጠቅለያው ከይዘቱ በእጥፍ ይበልጣል፤ ምስጠራ ሲታከልበት ደግሞ ይብሳል። በሞባይል ዳታ የሚሠራ ሴንሰር ንባቦቹን አሰባስቦ በአንድ ጊዜ መላክ ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው። ኤምኪውቲቲ የተባለው የመልእክት ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. ሲነደፍ የነዳጅ ቧንቧዎችን በውድ የሳተላይት መስመር ለመከታተል ታስቦ ስለነበር የራሱ ቋሚ ራስጌ ከሁለት ባይት ይጀምራል፤ ዛሬም ብዙ መሣሪያዎች ከክላውድ ጋር የሚነጋገሩት በእርሱ ነው። ሎራዋን የተባለው ገመድ አልባ መንገድም በጥቂት ባትሪ በርካታ ኪሎ ሜትሮችን ይሻገራል፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ቢበዛ ሁለት መቶ አርባ ባይት ገደማ ነው፣ ርቀቱ ሲጨምርም ወደ ሃምሳ ባይት ይወርዳል። በመንዝ ደጋ ላይ ለሚተከል የዝናብ መለኪያ ይበቃል፤ ተራራና ገደል በመካከል ሲገባ ግን አንቴናው የሚቆምበት ቦታ ከመሣሪያው ዋጋ በላይ ይወስናል።

አስተያየት ሰጪው ለተቃወሙት ሰዎች በሰጠው መልስ ፋይበር ስለተዘረጋ ርቀት ትርጉም አጥቷል ብሏል። ፋይበር ርቀትን አያጠፋም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በመንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። ሰርቨሩ፣ ማለትም ዳታውን የሚቀበለው የመረጃ ማዕከሉ ኮምፒውተር፣ ኬፕ ታውን ወይም ፍራንክፈርት ከሆነ ግን ቀጥታው መስመር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር ስለሚበልጥ ደርሶ መልሱ በምንም ዓይነት መሣሪያ ከ50 ሚሊ ሰከንድ አይወርድም፤ አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መስመሩ በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ዞሮ የባሕር ገመድ ላይ ስለሚደርስ ትክክለኛው ጊዜ ከዚህ ይረዝማል። የመስመሩ ስፋት ቢጨመር በአንድ ጊዜ የሚያልፈው ዳታ ይበዛል እንጂ የመጀመሪያው ባይት ቀድሞ አይደርስም። እነዚህን ሁለቱን አደባልቆ «ፍጥነት» ብሎ መጥራት ብዙ የተሳሳተ ግዢ አስከትሏል።

የወር ሪፖርት ለሚያይ ሥራ አስኪያጅ ይህ መዘግየት ምንም አይደለም። የቦይለር ግፊት ከልኩ ሲያልፍ ቫልቩን የሚከፍተው ውሳኔ ግን እዚያው ከማሽኑ አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ መሰጠት አለበት፤ ለመጨረሻው አደጋ ደግሞ ኤሌክትሪክም ኮምፒውተርም የማይጠብቅ የደኅንነት ቫልቭ አለ። የሰው ሕይወት የሚነካ ማስቆሚያን በክላውድ በኩል የሚያሠራ ንድፍ ከቀረበላችሁ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አትቀበሉት። ፋብሪካው መስመር ሲቋረጥ ሳይቆም እንዲሠራ የሚያደርገው ይህ በቦታው ያለው መቆጣጠሪያ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ክላውድን ማቃለሌ አይደለም። የብዙ ቅርንጫፎችን ዳታ አንድ ላይ ማየት፣ የዓመታት መዝገብን ዲስክ ሳይገዙ ማስቀመጥ፣ ብልሽትን አስቀድሞ የሚጠቁም ሞዴል ለማሠልጠን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ብዙ ሰርቨር መከራየት፣ ቅጂዎችን በተለያዩ ሕንፃዎች ማኖር፣ እነዚህ በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር የሚሠሩ አይደሉም። ዳታው በየዓመቱ ሲያድግ ድርጅቱ አዲስ ማሽን ሳይጠብቅ ማደግ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ቅጂው የተሠራው እዚያ ከደረሰው ዳታ ነው፤ ያልደረሰውን ማንም ሊያባዛው አይችልም።

ሰዎች ሳይጠይቁኝ የምናገረው ነገር ደግሞ ሰዓት ነው። ክላውዱ አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ይመዘግባል፤ የፈረቃ ኃላፊው ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ በመዝገቡ ላይ የጻፈው ብልሽት እዚያ 5:00 ሆኖ ይገኛል፣ የማሽኑ ማያ ደግሞ 8:00 ይላል። ከመጀመሪያው አንድ ደንብ ካልተያዘ ሦስቱን መዛግብት በኋላ ማስታረቅ አድካሚ ነው። የይለፍ ቃልም እንዲሁ ነው፤ በ2016 እ.ኤ.አ. ሚራይ የተባለው ጥቃት ካሜራዎችንና ራውተሮችን በብዛት የማረከው ከፋብሪካ የወጡበት የይለፍ ቃል ሳይቀየር ስለቀረ ነው። የሠራተኞችን ምስል ከአገር ውጭ ወዳለ ሰርቨር የሚልክ ድርጅትም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከሕግ ባለሙያ ጋር ሊያየው ይገባል።

አሁን ወደ ጠፋው መረጃ ልመለስ። መቶዎቹ የሙቀት ሴንሰሮች በሠላሳ ቀን የሚያመርቱት ከ90 ሜጋባይት ያነሰ ስለሆነ መስመሩ አንድ ወር ሙሉ ቢቋረጥ እንኳ ዳታው በአንዲት ትንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ «ኔትወርክ ስለሌለ መረጃው ጠፋ» የሚል አቅራቢ ሲገጥማችሁ ጌትዌዩ ለምን ማጠራቀሚያ እንዳልተደረገለት ጠይቁት። ማጠራቀሚያ ያለው ጌትዌይ እያንዳንዱን ንባብ በተለካበት ሰዓት ምልክት ያደርግበታል፣ መስመሩ ሲመለስ የወቅቱን ንባብ አስቀድሞ የቆየውን ቀስ እያለ ይልካል፣ ክላውዱ መቀበሉን እስኪያረጋግጥለት ድረስም ከካርዱ ላይ አይሰርዝም። ብዙ ጌትዌዮች ባሉበት ግቢ ውስጥ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ተነሥተው መስመሩን እንዳያጨናንቁት እያንዳንዱ የተለያየ የጥበቃ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል።