የሐሙሱ ዙር፦ የፕላዛ ዴ ማዮ እናቶች

ፕላዛ ዴ ማዮ የአርጀንቲና ዋና ከተማ የቦነስ አይረስ እምብርት ነው። ስሙ የግንቦት አደባባይ እንደ ማለት ሲሆን፣ በአንድ ጎኑ ሮዝ ቀለም የተቀባው ቤተ መንግሥት፣ በሌላ ጎኑ ካቴድራሉ፣ በመካከሉ ደግሞ አናቱ ላይ የሴት ምስል የቆመችበት ነጭ ሐውልት አለ። በዚህ ሐውልት ዙሪያ ሐሙስ ሐሙስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ነጭ ሻሽ ያሰሩ፣ ልጆቻቸው ታፍነው የጠፉባቸው አሮጊት እናቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ይዞራሉ። ልማዱ የተጀመረው በ1977 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በኦገስት 2016 ደግሞ 2,000ኛው ዙር ተካሂዷል። የሰብአዊ መብት ድርጅት መርሐ ግብር ሲባል አዳራሽ፣ ማይክሮፎንና የመክፈቻ ንግግር ለሚታየው ሰው የእናቶቹ ሐሙስ እንግዳ ነገር ነው። ሲጀመር ከእግር በቀር ምንም አልነበረውም።

ነገሩን ያመጣው የማርች 24 ቀን 1976ቱ መፈንቅለ መንግሥት ነው። በጄኔራል ሆርሄ ራፋኤል ቪዴላ የተመራው ወታደራዊ ጁንታ ተቃዋሚ ያላቸውንና የተቃዋሚ ወዳጅ ያላቸውን ከቤት፣ ከሥራ፣ ከመንገድ እያፈነ ይወስድ ጀመር። የተያዘው ሰው የት እንደ ገባ አይነገርም፤ ክስ የለም፣ ፍርድ የለም፣ አስከሬን የለም። ወታደሮቹ ሥልጣን ከለቀቁ በኋላ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን በ1984 ባወጣው ዘገባ 8,961 ሰዎችን መዝግቧል፤ የመብት ድርጅቶች ቁጥሩን 30,000 ያደርሱታል። ብዙዎቹ በማደንዘዣ ተወግተው ከአውሮፕላን ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ተጥለዋል።

እኛ ዘንድ የሞተበት ሰው ቀብር ወጥቶ፣ ለቅሶ ተቀምጦ፣ እርሙን ያወጣል። ሰው ደብዛው ሲጠፋ ግን እርም አይወጣም። በቀይ ሽብር ዘመን ልጆቻቸው የተገደሉባቸው የአዲስ አበባ እናቶች ማልቀስ ተከለከሉ፤ የቦነስ አይረስ እናቶች ደግሞ የሚያለቅሱለት ሞት እንኳ አልተነገራቸውም።

እነዚህ ሴቶች የተዋወቁት ደጅ ሲጠኑ ነው። ፖሊስ ጣቢያ፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት፣ የጦሩ ካህናት ቢሮ፤ መልሱ የትም አንድ ነበር። ልጃቸው ኔስቶርና እጮኛው የተወሰዱባቸው አሱሴና ቪያፍሎር እንዲህ ባለ ወረፋ ላይ ሳሉ፣ በተናጠል መመላለሱ እንደማያዋጣና አንድ ላይ ወደ አደባባዩ መውጣት እንደሚሻል ለሌሎቹ ነገሯቸው። ኤፕሪል 30 ቀን 1977 ዓሥራ አራት ሴቶች መጡ። ቀኑ ቅዳሜ ነበርና መሥሪያ ቤቶች ዝግ ናቸው፣ አደባባዩም ጭር ብሏል፤ ያያቸው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ቀጠሮው ወደ ዓርብ ተዛወረ። ዓርብ ገደ ቢስ ነው ያለች አንዲት እናት እንደ ነበረች ይነገራል፤ በመጨረሻ ሐሙስ ላይ ረጋ።

መዞሩን ያስተማራቸው ፖሊስ ነው። አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሥር ስለ ነበረች ሰብሰብ ብሎ መቆም ያስቀጣ ነበር። ፖሊሶቹ መቆም ክልክል ነው፣ ተንቀሳቀሱ አሏቸው። ሴቶቹም ተንቀሳቀሱ። ሁለት ሁለት ሆነው ክንድ ተያያዙና ሐውልቱን ይዞሩ ጀመር። የተባሉትን አደረጉ፤ ከአደባባዩ ግን አልወጡም። ትእዛዝን እየፈጸሙ ትእዛዝን ማፍረስ እንዲህ ሲያምር ያየሁበት ሌላ ቦታ የለም።

ሻሹ የመጣው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። ብዙ ሺህ ምእመናን በእግራቸው ወደ ሉሃን እመቤት ቤተ ክርስቲያን በሚጓዙበት ቀን እናቶቹም ሊሄዱ ተነሡ፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን እርስ በርስ የሚተያዩበት ምልክት አስፈለጋቸው። የልጆቻችንን የሽንት ጨርቅ ራሳችን ላይ እንሰር የሚል ሐሳብ ቀረበ። በዚያ ዘመን የሕፃን ሽንት ጨርቅ እየታጠበ የሚደጋገም ነጭ ጥጥ ነበር፤ ልጁ ካደገ በኋላም ለመታሰቢያ አንዱን በሳጥን የምታኖር እናት አትጠፋም። ጨርቁ ወደ ሻሽ ተለወጠ፤ በኋላም የልጁ ስምና የተወሰደበት ቀን በክር ይጠለፍበት ጀመር። ዛሬ የሻሹ ምስል በሐውልቱ ዙሪያ በንጣፉ ላይ በነጭ ቀለም ተስሏል።

ጁንታው እብዶቹ ይላቸው ነበር። ንቀቱ ግን ብዙ አልቆየም። አልፍሬዶ አስቲስ የሚባል ወጣት የባሕር ኃይል መኮንን ወንድሜ ጠፍቶብኛል ብሎ በሐሰት ስም በመካከላቸው ገባ። በዲሴምበር 1977 በእርሱ ጥቆማ ከእናቶቹ ኤስቴር ባሌስትሪኖና ማሪያ ፖንሴ፣ ከአጋሮቻቸውም ሁለት ፈረንሳውያን መነኮሳት ተያዙ። አሱሴና ቪያፍሎር የታፈኑት ዲሴምበር 10 ቀን፣ እናቶቹ ገንዘብ አዋጥተው የጠፉትን ስም ዝርዝር በጋዜጣ ባወጡበት ዕለት ነው። ቀኑ የዓለም የሰብአዊ መብቶች ቀን ነበር። ኤስቴር ባሌስትሪኖ በቤተ ሙከራ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ኋላ አቡነ ፍራንቸስኮስ ተብለው የሮማ ጳጳስ የሆኑትን ወጣት ሆርሄ ቤርጎሊዮን አለቃ ሆነው አሠርተዋል። በቀጣዩ ሐሙስ የቀሩት እናቶች ወደ አደባባዩ ተመለሱ።

ጁን 1 ቀን 1978 የዓለም ዋንጫ በቦነስ አይረስ ሲከፈትም ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሌላው ሁሉ ካሜራውን ወደ ስታዲየም ሲያዞር የኔዘርላንድ ቴሌቪዥን ባለሙያዎች ወደ እናቶቹ ሄዱ፤ እናቶቹም ልጆቻችን የት እንዳሉ ብቻ ይነገረን እያሉ በካሜራው ፊት ጮኹ። ከዚያ በኋላ አገር ውስጥ የማይሰማው ድምፅ ውጭ አገር ይሰማ ጀመር።

በ1981 ለ24 ሰዓት ሳያቋርጥ የሚዘልቅ የተቃውሞ ዙር ተጨመረ። ከእነዚህ ረጃጅም ዙሮች አንዱ፣ የሴፕቴምበር 21 ቀን 1983ቱ፣ ተለይቶ መነሣት አለበት። ሦስት ሠዓሊያን ጥቅል ወረቀት፣ ቀለምና ብሩሽ ይዘው መጡ። መንገደኛው ወረቀቱ ላይ ይጋደማል፤ ሌላው የአካሉን ዳር ዳር በብሩሽ ይከተላል፤ ሰውየው ሲነሣ ባዶ ቅርጹ ይቀራል። የተጋደመው የጠፋውን ሰው ቦታ ለአንድ አፍታ ያዘ ማለት ነው። በዚያች ሌሊት በከተማው ግድግዳዎች ላይ በቁመታቸው ልክ የተለጠፉት ባዶ ቅርጾች ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄደውን ሰው አፍጥጠው ጠበቁት። እናቶቹ የጠየቁት አንድ ነገር ነበር፤ ቅርጾቹ ተጋድመው ሳይሆን ቆመው ይለጠፉ አሉ፤ የተጋደመ ቅርጽ ሬሳ ነዋ።

በዚሁ ጥያቄ ውስጥ የኋለኛው መከፋፈል ተደብቋል። ዴሞክራሲ ከተመለሰ በኋላ በ1984 ከአጥንት የሟችን ማንነት የሚለየው የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ተቋቁሞ ስም የሌላቸውን መቃብሮች ይከፍት ጀመር፤ ለቤተሰብ ካሳ መክፈልም ይታሰብ ጀመር። በኤቤ ዴ ቦናፊኒ የሚመሩት እናቶች አጥንት ተቀብሎ እርም ማውጣት ወንጀሉን መዝጋት ነው ብለው እምቢ አሉ። ልጆቻችንን በሕይወት ወስዳችኋል፣ በሕይወት መልሱ የሚለውን መፈክር አልለቀቁም፤ ከሻሻቸውም ላይ የየልጃቸውን ስም አንሥተው የሁሉም እናቶች ነን አሉ። ሌሎቹ ደግሞ የልጃቸውን አጥንት ቀብረው ገዳዩን መክሰስ ፈለጉ። በ1986 ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ወገኖች ሐሙስ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ አደባባይ፣ በየፊናቸው ይዞራሉ። ለጎብኚ ይህ ግራ ያጋባል። እኔ ግን ማንኛቸው ተሳሳቱ ለማለት አንደበቴ አይታዘዝልኝም።

ያ የአጥንት መርማሪዎች ቡድን ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1990ዎቹ በልዩ ዐቃቤ ሕጉ ጥሪ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ የጅምላ መቃብሮችን መርምሯል። በአገሩ ደግሞ በ2005 የአሱሴና ቪያፍሎርን አጽም ለይቶ አወጣ፤ ባሕር ወደ ዳርቻ ከተፋቸው በኋላ ስማቸው ሳይታወቅ ተቀብረው ነበር። አመዳቸው በዚያው ዓመት ዲሴምበር 8 ቀን በሚዞሩት ሐውልት ሥር ዐረፈ።

ከእናቶቹ ዙር አያቶቹም ወጥተዋል። በእስር የተወለዱ ሕፃናት ለወታደርና ለፖሊስ ቤተሰቦች በሐሰት ስም ይሰጡ ስለ ነበር፣ አያቶች በ1977 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው በደም ምርመራ ከ130 በላይ የልጅ ልጆችን አግኝተዋል። ማርች 24 ዛሬ ብሔራዊ በዓል ነው፤ የጠፉት ሰዎች ፎቶግራፍ የታተመበት በጣም ረጅም ጨርቅ በብዙ እጅ ተይዞ ወደ አደባባዩ ይገባል።

ሐሙስ ግን በዓል የለውም። እናቶቹ እያነሱ ሄደዋል፤ አንዳንዶቹ በተሽከርካሪ ወንበር ይዞሩ ነበር። ስም ይጠራል፣ ሕዝቡም በጠፋው ሰው ፈንታ "አለሁ" ብሎ ይመልሳል። ከመጀመሪያዎቹ አንዷ የነበሩት ኖራ ኮርቲኛስ በ94 ዓመታቸው ያረፉት ሜይ 30 ቀን 2024፣ ሐሙስ ዕለት ነው። በኤፕሪል 1977 የተወሰደው ልጃቸው ጉስታቮ አልተገኘም።